ፊቷን ያልነጨችው መበለት

ባሌን የነጠቀኝ ሴት አይደለችም። ፊልጶስ የሚባል ጉዳይ አስፈጻሚ ነው።

ጎንደር ፒያሳ ካለው ቢሮው ሁለታችንን አስቀምጦ፣ ፍቺው ለወረቀት ብቻ ነው አለን። ባሌ ፈጠነ አሜሪካ ካለች ሴት ጋር በወረቀት ይጋባል፣ መኖሪያውን ሲያገኝ ይፈታታል፣ ከዚያ እኔን ይወስዳል። እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም። የሚያስረዳኝ ሰው ከረባት አስሯል፣ ባሌም አጠገቤ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። ፈረምኩ። ፈጠነ ሄደ፤ ከዚያችው ከወረቀት ሚስቱ ልጆች ወለደ፤ የኔን ስልክ ማንሳት ተወ። ፊልጶስ ግን እዚሁ ጎንደር አለ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እንደምን ዋልሽ እጅጋየሁ» ይለኛል፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው። በዚያ ሰላምታው ስንት ዓመት ሙሉ አንጀቴ ሲቃጠል ኖረ።

እንግዲህ ታናሽ እህቴ ሐመልማል፣ አሜሪካ የሚኖር ሰው ላገባ ነው፣ ፎርሙንም ፊልጶስ ይሞላልናል ስትለኝ ምን እንደተሰማኝ አስቡት። ሰርጓ ላይ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፤ እህል አልቀመስኩም።

ባልየውን አስማረን ግን መጥላት አቃተኝ። ዴንቨር በሚባል ከተማ አውቶብስ ይነዳል፤ እዚህ ሲመጣ ደግሞ ቁስቋም በተከራዩት ቤት ውኃ በጠፋ ጊዜ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። ለቪዛው ኤምባሲ የምትጠየቀው ሚስቱ ናት፤ እሱ የመምጣት ግዴታ አልነበረበትም። ብቻዋን አትገባም ብሎ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መጣ። ፊልጶስ ማታ ማታ እየመጣ ያለማምዳቸው ነበር። ማን በየትኛው ጎን ይተኛል? ቁርስ ምን ትወዳለች? አማቷ ማን ይባላሉ? አንድ ቀን አስማረ በጣም የተጨነቀ መስሎ፣ «ታንኮራፋለች ብዬ እውነቱን ብናገር ቪዛ ይከለክሏታል?» አለው። ሐመልማል በትራስ መታችው። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ አዲስ አበባ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ አስማረ ሞተ።

የሰማሁት ከአከራያቸው ከይመኙሽ ነው። ሮጬ ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። አስማረ ሻወር ቤት ውስጥ ራቁቱን በጀርባው ተዘርግቷል፤ ማጅራቱ ተሰብሯል፣ ወለሉ ውኃ ነው፣ ፎጣና ሳሙና አጠገቡ ወድቋል። አዳልጦት ነው ይላል ሁሉም። ታናሽ ወንድሙ ምናለ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። ምናለ የሆስፒታል ፋርማሲስት ነው። ከሌሊት እስከ ቀትር ተረኛ ስለነበር እንቅልፍ አላገኘም፤ ከሥራ ሲወጣ ወንድሙን ሊያይ ጎራ ብሎ ነበር። ለመጣው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ነገ መንገድ ስለሆነ ልታጠብ ብሎ ፎጣውን ይዞ ሲገባ ተለያየን፤ ምነው በቆየሁ።

ሐመልማል አክስታችንን ልትሰናበት ወጥታ ነበር፤ ስትመለስ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። እንደ አገራችን ሴት ልትወድቅ፣ ደረቷን ልትደቃ፣ ፊቷን ልትነጭ ነበር ወጉ። እሷ ነጭ እንደለበሰች፣ ጫማዋን እንደተጫማች፣ በነጠላዋ አፏን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። የምትለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤

«ምን ሊያደርግ እዚህ ገባ? ምን ሊያደርግ?»

ከኋላዬ አንዲት ጎረቤት፣ «የወረቀት ሚስት እንባዋም የወረቀት ነው» ስትል ሰማሁ። ዞሬ ባያት ሰው መሀል ገብታ ጠፋች።

ፖሊስ መጣ። የመጣው መርማሪ ኢንስፔክተር አለበል ይባላል፤ ከዛሪማ ወዲያ ገጠር ያደገ፣ ቀጭን፣ ሲጠይቅ ዓይኑን ሰው ላይ ሳይሆን ዕቃ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው። ሬሳውን አየ። ሳሙናውን አንስቶ በጣቱ ዳበሰው። «ሸጋ ሳሙና» አለና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ግቢውን ዞረ፤ ደጃፉ ላይ ካለው ጥቁር የድንጋይ መርገጫ ዘንድ ብዙ ቆየ።

ይመኙሽ ያላትን ነገረችው። ቅዳሜ ማታ ባልና ሚስቱ ተጨቃጭቀዋል፤ ሐመልማል «ይህን ከተናገርክ ሁላችንም ጠፋን» ብላ ስትጮህ በግድግዳው ሰምታለች። አለበል ሐመልማልን ምን ሊናገር ነበር ብሎ ጠየቃት። አልናገርም አለች። ሦስት ጊዜ ጠየቃት፤ ሦስት ጊዜ እምቢ አለች። ይዘዋት ሄዱ።

ሰኞ ገና በጠዋቱ ጣቢያ ገባሁ። እህቴ ፊቷን ነጭታው ተተልትሏል፤ ጉንጯ ላይ ደም ደርቋል። ከአለበል ፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ገዳዩን ልንገርህ፣ አያ አለበል። ፊልጶስ ነው።»

«አይተሻል?»

«ባላይም አውቃለሁ። ትዳር ማፍረስ ሥራው ነው።»

«ምነው እትዬ፣ ስሙን ስትጠሪው ጥርስሽ ይፋጫል?»

ነገርኩት። ከሥር እስከ ጫፍ ነገርኩት፤ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ የጠየቀኝ ግን ስለ ፊልጶስ አልነበረም። እህትሽ እሑድ ያልነጨችውን ፊት ሰኞ ለምን ነጨችው አለኝ። ሐዘን ሰው ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚገባ አልኩት። ሊሆን ይችላል አለ።

ውጪ ቢሉኝም አልወጣሁም፤ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ። ፊልጶስ ተጠርቶ መጣ። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁት። አስማረን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እሑድ ጠዋት ነው አለ። የት ሲባል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ማክሰኝት አካባቢ፣ ቤተ ክርስቲያን። አንተ ማክሰኝት ቤተ ክርስቲያን ምን ታደርግ ነበር ሲለው፣ ፊልጶስ እኔን በዓይኑ አሳየና በሩ ይዘጋልኝ አለ። ተዘጋ። እኔም ከዚያ በር ላይ ሰይጣን ያለ ይመስል ሳፈጥበት ዋልኩ።

አለበል በዚያው ቀን ወደ ማክሰኝት ወረደ።

ማክሰኞ፣ ኤምባሲ ሊገባ በነበረበት ቀን፣ አስማረ መቃብር ገባ። ሚስቱን በፖሊስ አጅበው አምጥተው አስቀበሯት። ሰው በጣት ይጠቋቆምባት ነበር። ያን ጣት ሁሉ እያየሁ መዝግቤዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ቤቱ ያልረገጥኩት ሰው አለ።

ሐሙስ ሠልስቱ ሆነ። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ነው። አለበል ሐመልማልን ይዞ መጣና ምናለን፣ ፊልጶስን፣ ይመኙሽን፣ ከማክሰኝት ያመጣቸውን አባ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ ቄስ በደጃፉ ወደ ቤቱ ውስጥ አስገባ። እኔን አልጠራኝም፤ ገባሁ።

«ይህች ሴት ዛሬ ከሰው ፊት ወይ ትነጻለች ወይ ትፈረድባለች» አለ። «በሳሙናው እንጀምር። ወለሉ ውኃ፣ ሰውየው ውኃ፣ ፎጣው ውኃ። ሳሙናው ግን ላዩ ደረቅ፣ ያውም የተሰነጣጠቀ። ታጥቦ አይደለም፤ ውኃ ተደፍቶበት ነው። ቀጥሎ ቁስሉ። ሐኪሙ ከቁስሉ ውስጥ የጥቁር ድንጋይ ፍርፋሪ አወጣ። ሻወር ቤቱ ነጭ ሴራሚክ ነው። ጥቁር ድንጋይ ያለው እዚህ ደጃፍ ላይ ነው፤ እሱም በውኃ እጦት ግቢው ሁሉ አቧራ በለበሰበት ሰሞን ብቻውን ታጥቦ አገኘሁት።»

ይመኙሽ አማተበች። እኔ ያጠብኩት አይደለም አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

«እንግዲህ አስማረ ደጃፉ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ አንድ ሰው ጎትቶ አስገብቶ፣ ልብሱን አውልቆ፣ ሲታጠብ የሞተ አስመሰለው። ያ ሰው ማን ነው?» ወደ ምናለ ዞረ። «ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው አንተ ነህ። ያለህን እስቲ ድገምልኝ።»

ምናለ ደከመው። «ስንት ጊዜ ልናገር? ነገ መንገድ ስለሆነ ልታጠብ አለኝ። ፎጣውን ይዞ ገባ።»

«ልታጠብ ያለህ በራሱ አፍ ነው?»

«በራሱ አፍ ነው።»

አለበል ወደ ቄሱ ዞረ። አባ ወልደ ዮሐንስ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

«የነገረኝን አልነግራችሁም» አሉ። «የሰጠሁትን ግን እናገራለሁ። አስማረና ሐመልማል እሑድ ጠዋት ከኔ እጅ ሥጋ ወደሙ ተቀብለዋል። ትዳራቸውን በቁርባን አጽንተዋል።»

ይህን ለሚያነብ ሌላ ሰው ላስረዳ እንጂ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ለነበረው ሁሉ ገብቶታል። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ገላውን አይታጠብም። ባዶ እግሩን አይሄድም፤ ከአፉ ምራቅ፣ ከገላው ደም እንዳይወጣ ይጠነቀቃል። ሞቱን ቢያውቅ እንኳ አስማረ ያን ቀን ሻወር ቤት አይገባም ነበር። እህቴ አፏን የያዘችው፣ መሬት ያልወደቀችው፣ ፊቷን ያልነጨችው ለዚህ ነበር። ባሏን ሬሳ ሆኖ እያየች የተቀበለችውን ስታከብር፣ እነሱ ከጀርባዋ የወረቀት ሚስት ይሏታል።

«ሚስቱ አብራው ቆርባለች» አለ አለበል። «እሷ ብትገድለው አልጋው ላይ ታስተኛዋለች እንጂ ውኃ አታፈስበትም። እሷ ናት እንዲያውም ምን ሊያደርግ ገባ ብላ የጮኸችው፤ የሰማት የለም። ፊልጶስም እዚያው ነበር፤ ሲቆርቡ ለኤምባሲው ፎቶ ሊያነሣ ስልኩን ደቅኖ ዲያቆኑ አባሮታል። እሱም ያውቃል። ሌሊት ሥራ ላይ የነበረው፣ ማንም ያልነገረው አንድ ሰው ነው። ምናለ ሥርዓቱን ያውቃል፤ እዚሁ ነው ያደገው። ወንድሙ የቆረበበትን ቀን ነው ያላወቀው።»

ምናለ ከንፈሩ ነጣ። ዓይኑ ሐመልማልን ፈለጋት።

ለምን እንደደበቀች ያን ጊዜ ተናገረች። አስማረም አሜሪካ የገባው ልክ እንደ ፈጠነ፣ ፊልጶስ በሠራለት የወረቀት ጋብቻ ነበር። ንስሐ ሲገባ ግን ከእንግዲህ አልዋሽም አለ። የቀድሞ ትዳርህ እንዴት ፈረሰ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ሚስቴ አጠገቤ ቆማ እውነቱን እናገራለሁ አለ። ቅዳሜ የተጣሉት በዚህ ነው። እሱ ወረቀቱን ካጣ እሷም ቀረች፤ ምናለም አሜሪካ ልግባ ብሎ በወንድሙ በኩል ያስገባው ማመልከቻ ሞተ። ለምናለ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፣ እስከዚያ ከአፍሽ እንዳይወጣ ብሎ ሐመልማልን አስምሏት ነበር። ከሞተም በኋላ መሐላውን ጠበቀች። ለማን ብላ እንደታሰረች እዩልኝ፤ ለገዳዩ ብላ።

ምናለ ክርክር አልሞከረም።

«ዘንድሮ ይደርሳል፣ ዘንድሮ ይደርሳል ሲለኝ ጎልማሳነቴ አለቀ» አለ። «ሳላገባ፣ ቤት ሳልሠራ ጠበቅሁ። እሑድ ስመጣ እውነት እናገራለሁ አለኝ። የሱን ነፍስ ለማዳን የኔን ዕድሜ ሊያቃጥል። ገፋሁት። እግዜር ያውቃል፣ ልገድለው አልነበረም።»

«ስትጎትተው ይተነፍስ ነበር?» አለ አለበል።

ምናለ ዓይኑን ወደ ደጃፉ አዞረ።

«የሆስፒታል ሰው ነህ። ይተነፍስ ነበር ወይ?»

ምናለ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አባ ወልደ ዮሐንስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ተነሥቼ እንደነበር የማውቀው ሐመልማል ክንዴን ስትይዘኝ ነው። «ተይው፣ እታለም» አለችኝ። «ተይው። መልሱን ሰምተናል።»

ይዘውት ወጡ። በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ፊልጶስ ግን ጉሮሮውን ጠረገና ወደ እህቴ ጠጋ አለ። ጥቁር የለበሰች፣ ፊቷ ገና ያልሻረ ሴት ዘንድ ጎንበስ ብሎ፣ የሞተው ባልሽ የአሜሪካ ዜጋ ስለሆነ ለመበለትም መንገድ አለው አላት። ፎርሙ እሱ ዘንድ አለ። የቀድሞውን ትዳር ነገር ማንም ካላነሣ፣ ስትረጋጊ ቢሮ ብቅ በይ አላት።

ሐመልማል ቀና ብላ አየችው። «እሱ ላለመዋሸት ሞተ» አለችው። «እኔ በሬሳው ልዋሽ?»

ጀርባዋን ሰጠችው።

አለበልን ውጭ ደርሼበት ያዝኩት። ይህን ሰው ዝም ልትለው ነው? አልኩት። በግድያው ንጹሕ ነው፣ አለ። ያንቺ ፍቺም ፈርመሽበታል፣ ዘመኑም አልፏል፤ ፍርድ ቤት በይርጋ ይጥለዋል። አዝኖ ነው የነገረኝ፤ ቢሆንም ንዴቴን አላበረደውም። ፊልጶስ ገዳይ አይደለም፣ እሺ። ነገሩን ከሥሩ የፈተለው ግን ማን ነው?

ከአርባው በኋላ የእንጨት መቀመጫዬን፣ ዱካዬን ይዤ ፒያሳ ሄድኩና ከፊልጶስ ቢሮ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ምን ፈለግሽ አለኝ፤ መቀመጥ አልኩት። ፖሊስ ጠራብኝ። የመጣው ፖሊስ ወደ አለበል ደወለና፣ መንገድ እስካልዘጋች ምን ታደርጋታለህ ተብያለሁ ብሎኝ ሄደ። በማግሥቱም መጣሁ። በየቀኑ እመጣለሁ። ወደ ቢሮው ለሚገባ ሁሉ ስሜን፣ የፈጠነን ስም፣ የአስማረንም ስም እናገራለሁ። አልጮህም። የሆነውን ብቻ ነው የምናገረው።

በዚህ ሳምንት ባልና ሚስት መጡ፤ ከገጠር የወረዱ ናቸው፣ ወጣቶች። ባልየው ቸኩሏል። ሚስቲቱ ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ «ፈርሚ ያልከኝ ይህን ነው?» አለችው። ጎዳናው ላይ ተከራከሩ፤ እሱ ወደ ቢሮው፣ እሷ ወደ መናኸሪያው ተጓተቱ። በመጨረሻ እሷን ተከትሎ ሄደ።

ፊልጶስ በመስኮቱ ያያል። እኔ ዱካዬን ወደ ጥላው ሳብ አደረግሁና የሚቀጥሉትን ጠበቅሁ።