ቢጫ የለበሰው ሰው

እናቴ አንድ ሰው ጥላ ወጋኝ ሲል ከሰማች ጸበል ይዛ የምትሮጥ ሴት ናት፣ እኔ ደግሞ በእሷ እየሳቅሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ፣ ስለዚህ ዛሬ ይህን የማወራችሁ እኔ መሆኔ ለራሴም ይገርመኛል። ጎንደር ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ፣ ሥራዬ ቀለምና መስመር ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። ደግሞ እመኑኝ፣ ጊዜው ገና ቀን ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ጠላም አልቀመስኩ፣ እንቅልፍም አልጎደለኝም።

ባለፈው ክረምት ነው። ከእንፍራንዝ በላይ፣ መኪና ከሚቆምበት የአንድ ሰዓት ዳገት ወጥታችሁ የምታገኟት ክብ ቤተ ክርስቲያን አለች። በመቅደሷ ግድግዳ ላይ ያለው የጦርነት ሥዕል ዝናብ ስለጎዳው ሊጠገን ነበር፣ ጠጋኞቹም ከመጀመራቸው በፊት ሥዕሉን አንድ በአንድ አይቼ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። የጠፋውን የሚሞሉት እኔ የጻፍኩትን ይዘው ነው፣ ቀልድ አልነበረም።

ቁልፍ ያዡ አያ ደምሌ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። በሩን ከፍተውልኝ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጥግ ላይ ቆሙ፣ እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ሥዕሉ እንዴት ሸጋ መሰላችሁ! ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በቀኝ በኩል ባለው የንጉሡ ነጭ ፈረስ ላይ ነው፣ ከዚያ የንጉሡ ጦር በሰያፍ ወርዶ ወደ ወደቁት ጠላቶች ይወስዳችኋል፣ ቀዩ ሁሉ እዚያ ተከማችቷል፣ ከእነሱ ጀርባ ተራራ አለ፣ ከተራራው ሥር ደግሞ ቢጫ የለበሰ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ በጣቱ መንገድ ያሳያል። ሠዓሊው ያን ቢጫ ሌላ ቦታ አልደገመውም፣ ሰውየውን ሳናየው እንዳናልፍ ፈልጓል ማለት ነው። እንደምታውቁት በእኛ አሣሣል ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ቢጫ ለባሹ ዓይኑ አንድ ነበር። “ለጠላት መንገድ የሚጠቁም ከሃዲ” ብዬ ጻፍኩ።

“ልጄ፣ ያን ቢጫውን ምን ብለሽ ጻፍሽው?” አሉኝ አያ ደምሌ።

ነገርኳቸው።

“እሱ የእኛ ዘር ነው” አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። “የአባቴ ቅድመ አያት። መንገዱን የጠቆመው ለሴቶችና ለሕፃናት ነው፣ በተራራው ሥር እንዲያመልጡ። አባቴ ይህንኑ እንዳለ ሞተ።”

“አያ፣ ታዲያ ሠዓሊው ምነው በጎን ሣለው?”

“እንጃ። እኛ ግን በዚያች አንድ ዓይን ስንሰደብ ኖርን። እኅቴን የሠርግ ድግሷ ከተደገሰ በኋላ የሙሽራው ወገኖች ‘የከሃዲ ዘር’ ብለው ተዉአት፣ እንደዚያው ባል ሳታገባ ሞተች። አሁን አንቺ በወረቀት ካሰፈርሽው አበቃ።”

“እኔ የማየውን ነው የምጽፈው” አልኳቸው። ዛሬ ሳስበው ደረቅ መልስ ነበር።

“እሺ። እንግዲያው ደህና አድርገሽ እይው” ብለው ደጅ ወጥተው ተቀመጡ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። እየጻፍኩ ሳለ ሰው ጋቢ ውስጥ ሆኖ ሲገላበጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፣ እሽ... ብሎ ቆመ። ዞርኩ፣ ማንም የለም። እንደገና ተሰማ፣ አሁን ግን ከፊቴ ነው። ቀና አልኩ። ፈረሱ እንዳለ ነው፣ ንጉሡም እንዳለ ነው። ቢጫ ለባሹ ግን ያየኛል። በሁለት ዓይን።

አልጮህኩም። የሚገርማችሁ መፍራት እንኳ ትዝ አላለኝም፣ ፊቱ ረጅም መንገድ የሄደ፣ የደከመው ሰው ፊት ነበር። ስንት ደቂቃ እንደተያየን አላውቅም፣ ብቻ “አያ ደምሌ!” ብዬ ተጣራሁ።

ገብተው አጠገቤ ቆሙ።

“ስንት ዓይን ይታይዎታል?”

“አንድ። ምነው?”

“እኔ... ሁለት ነው የማየው።”

የምቀልድ መስሏቸው ፊቴን መረመሩ፣ ከዚያ ወደ ሥዕሉ ተጠግተው ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

“ለእኔማ ያው አንድ ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሳየው ኖሬ፣ ለአንቺ ዞሮ ለእኔ ምነው እምቢ አለ?”

በስልኬ አነሣሁት፣ ስልኩ ላይ አንድ ዓይን፣ ቀና ስል ግድግዳው ላይ ሁለት። “ከሃዲ” የሚለውን ሰረዝኩና “ፊት ለፊት የቆመ፣ ሁለት ዓይን ያለው፣ ለሚሸሹ መንገድ የሚያሳይ” ብዬ ጻፍኩ። ለሽማግሌው አዝኜ አይደለም የጻፍኩት፣ ወይም አዝኜ ብቻ አይደለም፣ አይቻለሁ።

ከወር በኋላ ከጠጋኞቹ አንዱ ደወለልኝ።

“ያንቺ ጽሑፍ ሁለት ዓይን ይላል፣ እዚህ የምናየው አንድ ነው። ተሳስተሽ ነው?”

“አላውቅም። እንዳለ ተዉት፣ ምንም እንዳትቀቡ” አልኩት።

“እኛማ አልቀባንም” አለ። “ግን ዛሬ ጠዋት አቧራውን ስጠርግ፣ ሌላኛው ዓይን ሊሆን በሚችልበት ቦታ ላይ ጣቴ ጠቆረ። ቀለሙ እርጥብ ነው።”

አያ ደምሌ ሰምተው እንደሆነ ጠየቅሁት።

“ከጠዋት ጀምሮ ሥዕሉ ፊት ቆመዋል፣ ተቀመጡ ብንላቸውም እምቢ አሉ” አለኝ።

ልሂድ ልሂድ እላለሁ፣ እስካሁን ግን አልሄድኩም።