ከጫጉላ ቤታችን አጥር ሥር የቆሙት ሰው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

እኔ ግን ፈጥሬ የማወራበት ምክንያት የለኝም። ይህ ነገር ከእኔ ጋር የደረሰባት ሴት ዛሬም ባለቤቴ ናት። አሁን ይህን ስጽፍ ከወዲያኛው ክፍል ሽንኩርት ስትከትፍ ይሰማኛል።

ጊዜው 1989 ዓ.ም. ነው፤ ሐምሌ። ቦታው ላፍቶ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ...

አዎ፣ ቀን ነው። ጨለማ ያሳየህ ነገር ነው እንዳትሉኝ።

ያኔ ላፍቶ ዛሬ የምታውቁት ላፍቶ አልነበረም። ፎቅ የለ፣ ሱቅ የለ። የእርሻ ማሳ፣ ባህር ዛፍ፣ ከጫማ ጋር የሚጣበቅ ጥቁር ጭቃ... በቃ።

ከውዳሴ ጋር የተጋባነው የሰኔ ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ ሳይገባ፣ በዝናብ መሀል ነው። "በክረምት ደግሞ ምን ሠርግ ነው?" ያላለን ሰው የለም። ያስቸኮሉን አባቷ አቶ አባይነህ ናቸው። ወሊሶ ነበር የሚኖሩት። ሳንባቸውን ታመው ስለነበር "ልጄ ስትዳር ሰምቼ ልሙት" አሉ።

ሠርጉ ላይ አልተገኙም። መንገዱን አልቻሉትም።

በመልሱ ማግስት ወንድማቸው ጋሽ ገሠሠ መካኒሳ ቤታችን መጡና ከአጥር ውጭ ጠሩኝ።

"ሚሳኤል... አባይነህ አርፏል" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ምን?... መቼ?"

"ለሠርጋችሁ ዋዜማ ቀበርነው።"

እኚህ ሰው ሠርጉ ላይ እስክስታ ሲመቱ አይቻቸዋለሁ። ላብ ነው ያልኩት እንባ ነበር።

"ጫጉላዋን ታውጣ" አሉኝ እጄን ጭምቅ አድርገው። "ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳታል። እስከዚያ ከሰው አርቃት። አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። አደራ!"

"እሺ ጋሼ" አልኩ።

ምን ልበል? ሙሽራ ነኝ። ሽማግሌ አደራ ብሎኛል።

ቤት ስገባ ውዳሴ ሻንጣዋን አልጋ ላይ ከፍታ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ቬሎዋን ከሥር አድርጋዋለች።

"ሚሳ፣ ለጫጉላችን የት እንደምንሄድ ወሰንኩ" አለችኝ እየሳቀች። "ወሊሶ! ፍል ውሃው አለ፣ ጸጥ ያለ ነው፣ እንደ ላንጋኖ ኪስ አይጎዳም። ደግሞ አባዬ ጋ ገብቼ ቬሎዬን ለብሼ አሳየዋለሁ።"



"በዚህ ዝናብ?... መንገዱ አደገኛ ነው" አልኳት።

"እሺ ሶደሬስ?"

"ወባ አለ።"

"ሐዋሳ?"

"ውድ ነው።"

ሰው ሲዋሽ ይሄን ያህል ይፈጥናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ወተት የምታመጣልን ገላኔ የምትባል የላፍቶ ሴት ነበረች። ከማሳቸው ጫፍ ላይ አንዲት ባዶ ቆርቆሮ ቤት እንዳለቻቸው ነግራን ታውቃለች። ስልክ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ ዘመድ የለ። ለኔ አሳብ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። የሬዲዮኑን ባትሪ እንኳ አውጥቼ ነው የሄድኩት።

ውዳሴ ቬሎውን ከሻንጣው አውጥታ ቁም ሳጥን ውስጥ መለሰችው።

ቤቷ ቆንጆ ነበረች። ከበስተጀርባዋ የባህር ዛፍ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ ወንዝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ካልሆነ አይደማመጥም። ለሙሽራ እንዲህ ያለ ቤት መታደል ነው።

የገባን ዕለት ምሳ በልተን ጋደም እንዳልን... ከግድግዳው ውጭ አንድ ሰው ሳለ።

ደረቅ ሳል ነው። ከሆድ የሚወጣ።

ውዳሴ ቀና አለች።

"ሰማህ?"

"የገላኔ ባል ይሆናል" አልኳት።

"የአባዬን ሳል ይመስላል..."

ትንሽ ቆይታ ወጥታ ገባች። ማንን እንዳየች አልጠየቅኳትም። ፈራሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጠባይዋ ተለወጠ። አትኮርፍም፣ አታለቅስም። ብቻ... ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እንጀራ እየቆረስኩ ቀና ስል ታየኛለች። ጫማዬን ሳስር ታየኛለች።

"ሚሳ... የምትነግረኝ ነገር አለ?"

"ምንም። ምን ይኖራል?"

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ዳቦና ሻማ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ገላኔን መንገድ ላይ አገኘኋት። ፊቷን አጥቁራብኛለች።

"ወንድሜ፣ ነውር አይደለም እንዴ?" አለችኝ።

"ምኑ እትዬ ገላኔ?"

"ሽማግሌው ነዋ! እንግዳ ውጭ ይቆማል? ዝናብ እየመታው? ቤት አስገቡት እንጂ!"

"የቱ ሽማግሌ?"

"ከአጥሩ ሥር የሚቆመው። ወተት ብሰጠው እንኳ አልጠጣም።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ማነህ ብለው 'ያማች ቤት ነው፣ ካልጠሩኝ አልገባም' አለኝ።"

ዳቦው ከእጄ ጭቃ ላይ ወደቀ።

ሮጥኩ።

ውዳሴ አጥሩ ጋ ብቻዋን ቆማ ነበር። ነጠላዋ በስብሶ ከሰውነቷ ጋር ተጣብቋል።

"አባዬ መጥቶ ነበር" አለችኝ። እንደ ቀላል ነገር። "ሚሳኤል ካልፈቀደ አልገባም አለኝ።"

"ውዴ... ታመሻል። ነይ እንግባ።"

"ጆሮውን ያመዋል መሰለኝ። ጥጥ ወትፎበታል" አለች ዓይኗን ሳትነቅል። "ሲራመድም እግሮቹ አይላቀቁም። አውራ ጣቶቹን አንድ ላይ ያሰሩበት ይመስላል... ለምን ይመስልሃል?"

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። አስከሬን ሲገነዝ ያየ ሁሉ ያውቃል።

"እንጃ" አልኩ።

አዎ። እንጃ አልኳት።

ትከሻዋን ይዤ ወደ ቤት ስመልሳት ነጠላዋ ላይ የጣት ምልክት አየሁ። አምስት ጣት። ጭቃ ነው፤ የላፍቶ ጭቃ ግን ጥቁር ነው።

ያ ቀይ ነበር። እንደ ወሊሶ አፈር ቀይ።

በማግስቱ አላስቻለኝም። ሥራ ቦታ ደርሼ ልምጣ ብዬ ሌላ ውሸት ዋሸሁና እስከ መካኒሳ በእግሬ ገሰገስኩ። ጋሽ ገሠሠን ቤታቸው አገኘኋቸው።

"ልንገራት ጋሼ። እባክዎ።"

"እንዳታደርገው! መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም ልጄ። ሰው ይዟት፣ ሰው ደግፏት ነው እንጂ።"

"አይታቸዋለች።"

"ማንን?"

"አባቷን። ጆሯቸው ላይ ጥጥ አለ አለችኝ... እግራቸውም..."

ጋሽ ገሠሠ ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ጥጡን ያደረግኩለት እኔ ነኝ" አሉ። "በዚህ በእጄ። ማንም ለእሷ የነገራት የለም..."

ከዚያ ድንገት ጮኹ።

"ሂድ! ምን ትጠብቃለህ? አሁኑኑ ሂድና ንገራት! እኛም እንከተልሃለን!"

ስመለስ ዝናቡ ሰማይ የተቀደደ ይመስል ነበር። ቤቷ በር ላይ ስደርስ ሰዓቴን አየሁ። ከቀኑ ዘጠኝ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የውሃ ድምፅ ይሰማል... ሰው እንደሚታጠብ።

ገፋ አደረግኩት።

ውዳሴ መሬት ላይ ተንበርክካለች። ፊት ለፊቷ ወንበር አለ። ከወንበሩ ሥር ሳፋ። እጇን ውሃ ውስጥ አስገብታ ቀስ... ቀስ... አድርጋ ታሻለች።

ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

"ቀስ በል" አለችኝ ሳትዞር፣ በሹክሹክታ። "ደክሞታል። ከወሊሶ በእግሩ ነው የመጣው። የጣቶቹን ማሰሪያ ገና አሁን ፈታሁለት።"

"ውዳሴ..."

"አንተን ሳላስፈቅድ ነው ያስገባሁት። ይቅርታ። ዝናቡ ሲመታው ማየት አቃተኝ።"

አጠገቧ ተንበረከክኩ። ወንበሩን ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ውዴ... አባትሽ ሞተዋል። ከሠርጋችን በፊት። አውቄ ነው የደበቅኩሽ።"

እጇ ቆመ።

ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"...አወቅሽ?"

"የመጣን ዕለት ራሱ ነግሮኛል። 'ባልሽ ይነግርሻል፣ ቀድመሽ አታሳፍሪው፣ ጠብቂው' አለኝ።" ዞራ አየችኝ። "ሚሳ... ይሄን ሁሉ ቀን ጠበቅኩህ እኮ።"

ያቺ ቃል እስከ ዛሬ እዚህ ደረቴ ላይ አለች።

ከዚያ በኋላ ነው ለቅሶዋ የመጣው። ደረቴ ላይ ተደፍታ ጮኸች። ገላኔና ባሏ በማሳው መሀል እየሮጡ መጡ። ጋሽ ገሠሠም ዘመድ ይዘው ደረሱ። ያን ዕለት ሁላችንም በተገኘው መኪና ወሊሶ ወረድን። ድንኳኑ ተነሥቶ ነበር፤ ለእሷ ሲባል እንደገና ተተከለ። መቃብሩ ላይ ተደፍታ "ሳልቀብርህ!" እያለች ስታለቅስ ዘመዶቿን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ውዳሴ ይቅር ብላኛለች። ልጆች ወልደናል፣ ቤት ሠርተናል። ስለዚያች ቤት አንሥተን አናውቅም። ላፍቶን በታክሲ ስናልፍ ሁለታችንም ወደ ሌላ መስኮት ነው የምናየው።

ግን ለእሷም ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ።

ደረቴ ላይ ተደፍታ ስትጮህ፣ በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ሳፋውን አየሁት።

እጇ ከወጣ ቆይቷል። ውሃውን የሚነካው ነገር የለም። ዝም ብሎ መርጋት ነበረበት።

አልረጋም።

ውሃው መሀል ላይ ሁለት ቦታ ጎድጉዶ ነበር... ጎን ለጎን። እግር የተነከረበት ያህል። እስከ ቁርጭምጭሚት።

እያየሁት አንደኛው ጎድጓዳ ቀስ ብሎ ሞላ።

ከሳፋው ወዲህ፣ ወደ እኔ በኩል፣ ደረቁ ወለል ላይ አንድ እርጥብ የእግር ዱካ ታተመ...