የቶርኪል ኪልት

«ይሄ ደግሞ የማን ነው? የአሻንጉሊት?» አለ የሩሪ ጓደኛ ዱጊ።

ሩሪ አልሳቀም። ከቤታቸው ማጠቢያ ማሽን ጎትቶ ያወጣው የአባቱን ኪልት፣ የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱትን ባለሽንሽን ጉርድ ነው፤ ያውም አንድ ለእናቱ። እስከ አባቱ ጉልበት ድረስ ይወርድ የነበረው ስምንት ያርድ ሱፍ በሙቅ ውሃ ተኮማትሮ፣ እንደ በር ምንጣፍ ደድሮ ቁጭ አለ። ያ ሁሉ ሽንሽን የት እንደገባ እንጃ። ሩሪ ጫፍና ጫፉን ይዞ ጎተተው። ደግሞ ጎተተው። ወይ ፍንክች!

«አለቀልኝ» አለ። «ዱጊ፣ ሙት ብዬሃለሁ፣ አለቀልኝ።»

አባቱ ቶርኪል የኦባን ከተማ ወደብ ዳር ቆሞ ለጎብኚዎች ባግፓይፕ የተባለውን ባለከረጢት ዋሽንት እየነፋ ነው ቤቱን የሚያስተዳድረው። በጋ ክረምት ሳይል ኪልት ይለብሳል። ዝናብ የጠጣ ኪልት እንደ እርጥብ ጆንያ ይከብዳል። ነፋስ ሲመጣማ አይነሳ፤ ሁለት እጁ ባግፓይፑን ይዞ ኪልቱን በምን ይያዘው? የሰፈር ልጆች «አባትህ ዛሬም ጉርድ ቀሚሱን አጠለቀ?» እያሉ ሩሪን ያበሽቁታል። አዲስ ማሰፋት የወር የቤት ኪራይ ይበላል፤ በእጅ ስለሚሰፋም ወራት ያስጠብቃል። ነገ ደግሞ ቶርኪል ሙሽሮችን ሊያጅብ ተቀጥሯል። ያ ክፍያ ካልመጣ ቤቱ ክረምቱን ያለ ማሞቂያ ሊያሳልፍ ነው። ልብስ አከራዩ ጋ የነበረውን ኪልት ሁሉ ሠርገኞቹ ራሳቸው ወስደው ጨርሰውታል።

ቶርኪል ትናንት ኪልቱን ከነማጠቢያ ገንዘቡ ለሩሪ ሰጥቶ «ላውንደሪ ለእማማ ኢሽቤል አድርስልኝ» ብሎት ነበር። ገንዘቡን ሩሪና ዱጊ የተጠበሰ ዓሣና ድንች በሉበት። «ቤት እናጥበዋለን፤ ልብስ አይደል እንዴ?» ያለው ዱጊ ነው።

«ስማ» አለ ዱጊ አሁን። «እማማ ኢሽቤል አበላሹት በል። አሮጊት ናቸው፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ማን አይደለም ይላል?»

ሩሪ ሳይመልስለት የውጪው በር ተከፈተ። ቶርኪል በጂንስ ሱሪ፣ ዝናብ ከላዩ እየተንጠባጠበ ገባ። ኪልቱን አየ።

«ምንድነው ይሄ?»

ሩሪ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ላውንደሪ… እማማ ኢሽቤል…» አፉ ውስጥ ያለው ቃል ይኸው ብቻ ነበር።

ቶርኪል ጨርቁን ብብቱ ስር ወሽቆ ወደ ላውንደሪው ወጣ። ሩሪ ተከተለው፤ ዱጊም ከኋላ።

እማማ ኢሽቤል መነጽራቸውን አድርገው ኪልቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ጠርዙን ዳበሱት።

«ውይ! ውይ የኔ ልጅ! ምን አድርጌብህ ነው?»

«እኔም እሱን ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፣ እማማ» አለ ቶርኪል። «ነገ ሠርግ አለብኝ። ምን ለብሼ ልቁም?»

«ሳላጥብ በፊት ሽንሽኑን አንድ በአንድ በክር እይዘው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ረስቼው አላውቅም። አሁን ግን…» ቀና ብለው ሩሪን አዩት። «አንተ ነህ ያመጣኸው፣ አይደል? መምጣትህንም አላስታውስ። ባለፈው ሳምንት የሰው ካፖርት ለሌላ ሰው ሰጥቼ ልጄ ‹ይብቃሽ፣ ዝጊው› ሲለኝ አኩርፌው ነበር። ለካ እውነቱን ነው።»

እማማ ኢሽቤል የገንዘብ መሳቢያቸውን ከፍተው ያለውን ሁሉ ሰብስበው ወደ ቶርኪል ገፉት።

«ኪልቱን አይተካልህም፣ አውቃለሁ። ለጊዜው ያዘው። ከዛሬ ጀምሮ የሰው ልብስ አልነካም።» የሱቁን ቁልፍ ከአንገታቸው አወለቁ። የቁልፉ ክር ፀጉራቸው ላይ ተያዘ።

ቶርኪል ገንዘቡን አልነካም። ግድግዳውን ደግፎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዱጊ ከመስኮቱ ውጪ ዝናብ ላይ ቆሞ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። ሩሪ ዝም ካለ ሁሉም ያልፋል። እማማ ኢሽቤል ራሳቸው አምነዋል፤ ማንም ምንም አይጠይቀውም። የአባቱ ፊት ግን ከዚያ እጅ ስር ሲወጣ ምን ሊመስል ነው? ሩሪ ፈራ፤ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

ቀረብ ብሎ የቁልፉን ክር ከእማማ ኢሽቤል ፀጉር ቀስ አድርጎ አላቀቀና ቁልፉን እጃቸው ላይ መልሶ አስቀመጠው። ኪልቱን ከጠረጴዛው አነሳ። ገና እርጥብ ነበር።

«አባዬ» አለ። «ትናንት እዚህ አላመጣሁትም።»