በርቶ ወጣ የተባለው ፋኖስ

አቶ ኢዶሳን ከወርቅ ጉድጓዱ ጎትተው ሲያወጡት ሞቷል። አንድ ጭረት እንኳ የለበትም። ደክሞት እንቅልፍ የወሰደው ነው የሚመስለው።

ኢዶሳ የማዕድን አክሲዮን ማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ከሀገረ ሕይወት ከተማ ወጣ ብላ ያለችው ኮረብታ ወርቅ አለባት ብሎ ሰዉን አሳመነና፣ ሰዉ መሬቱንም ላሙንም እየሸጠ አክሲዮን ገዛ። ከዚያማ ምን አለፋችሁ፣ በየስብሰባው «ትንሽ ታገሡ» ነው። ወርቁ የለም፤ የሥራ አስኪያጁ ላንድሮቨር ግን አለ። የዛን ቀን ባለአክሲዮኖቹ ሊሽሩት ሲሰበሰቡ «ራሴ ወርጄ ወርቅ ያለው ድንጋይ አወጣላችኋለሁ» ብሎ ቀደማቸው።

መቶ አለቃ አሻግሬ ከፖሊስ ጣቢያ መጣ። ዝምተኛ ነው፤ ዓይኑ ግን አያርፍም። ሌሎቹ ባለአክሲዮኖች ስብሰባው ቦታ ሲጠብቁ፣ ኢዶሳ ሲወርድ ጉድጓዱ ዘንድ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ምክትሉ አቶ ገብረአማኑኤል፣ ባለአክሲዮኗ ወይዘሮ ሸዋገነትና ኦቦ ቱፋ። ኦቦ ቱፋ ኢዶሳን በጉዲፈቻ ያሳደጉት አባቱ ናቸው። «ልጄ አይዋሽም» ብለው ጎረቤቶቻቸውን አክሲዮን ያስገዙትም እሳቸው ናቸው።

ሰዉ ሁሉ ገብረአማኑኤልን ጠረጠረ። ወንበሩን ይፈልጋላ።

«ሲወርድ የት ነበሩ?» አለው መቶ አለቃው።

«ግራሩ ሥር፣ ከወይዘሮ ሸዋገነት ጋር ስንጨቃጨቅ። ላንድሮቨሩ ይሸጥ ትለኛለች።»

«አሁንም ይሸጥ» አለች ሸዋገነት፣ እንባዋን እየጠረገች።

በኛ አገር ተከድኖ የቆየ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ማንም ዝም ብሎ አይገባም። መጀመሪያ የበራ ፋኖስ በገመድ ይወርዳል፤ ከጠፋ ታች ያለው አየር ይገድላል ማለት ነው። የወርቁም ጉድጓድ በበዓል ምክንያት ተከድኖ ሰንብቷል። ፋኖሱን ያወረዱት ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ በርቶ ወጣ አሉ።

«ፋኖሱን ማን ለኮሰው?»

«እኔ» አለ ገብረአማኑኤል። «ቢሮ ለኩሼ ሰጠኋቸው፤ እንደበራ ይዘውት መጡ።»

መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ ከጉድጓዱ አፍ አንድ ነገር አነሳ። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበና ፋኖሱን ራሱ አወረደው። ግማሽ መንገድ ላይ ድርግም አለ።

«ጠዋትም እንዲሁ ጠፍቷል» አለ። «መስታወት ስላለው ንፋስ አያጠፋውም። ከቢሮ እንደበራ ከመጣ ደግሞ ይሄ የተጫረ ክብሪት እዚህ ምን ይሠራል? ጠፍቶ ሲወጣ መልሶ የለኮሰው ሰው አለ። ሁለቱ ግራሩ ሥር ናቸው፤ ሟቹ ቦት ጫማ ሊያደርግ ቢሮ ገብቷል። ገመዱ የነበረው በአንድ ሰው እጅ ነው።»

ሁሉም ወደ ኦቦ ቱፋ ዞረ። መዳፋቸው ተልጦ ይደማል።

«ያልገባኝ ይሄ ነው» አለ መቶ አለቃው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሊገድል የፈለገ ሰው እጁ እስኪላጥ ገመድ አይጎትትም።»

ኦቦ ቱፋ አልካዱም። ወርቅ እንደሌለ ኢዶሳ ካወቀ ቆይቷል፤ ጠዋት በጆሯቸው ነገራቸው። ሊያወጣ የነበረውም ድንጋይ ከሌላ አገር አምጥቶ ታች የደበቀው ነው። እሱን አሳይቶ ሌላ አክሲዮን ሊሸጥ ነበር፤ ጎረቤቶቻቸው የቀረቻቸውን መሬት ደግሞ ሊጨርሱ።

ሸዋገነት ነጠላዋን ቀደደችና እጃቸውን ትጠቀልልላቸው ጀመር። እሳቸው ጉድጓዱን ነው የሚያዩት።

«‹አባ፣ በርቷል?› አለኝ። ‹በርቷል፣ ውረድ› አልኩት። እንደ ልጅነቱ አምኖኝ ወረደ። ጠርቼው ዝም ሲለኝ ነው አባቱ መሆኔ ትዝ ያለኝ።»