ባትሪው ጓዳ፣ መብራቷ ሳሎን

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ሥራ አለብኝ ብዬ የምነሳ ሴት ነኝ፣ ሰው አየሁ ሰማሁ ሲል እንቅልፍ አጥቶ ነው እላለሁ፣ ዛሬ እኔው አውሪ ሆኜ ስመጣ እንዳትስቁብኝ።

ልጄ ሐዊ እዚሁ መቱ ኢንጂነሪንግ ትማራለች። ለመመረቂያዋ ሳተላይት ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሰሌዳ አስመስላ ሠርታ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ በሚገባኝ ቋንቋ ነው ያስረዳችኝ፤ ከፀሐይ በሶላሩ የመጣው ኃይል ባትሪው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሰሌዳው ደግሞ ለካሜራው፣ ለማሞቂያው፣ ለሬዲዮው እየመጠነ ይሰጣል፣ ባትሪው ሲደክም አንድ በአንድ ያጠፋቸዋል፣ ከምድር የሚመጣውን ጥሪ የሚሰማውን ሬዲዮ ግን እስከ መጨረሻው አይነካም። «እሱ ከጠፋ በምን ጠርተው ይመልሱታል፣ እማዬ?» አለችኝ። ለሦስቱም ለየብቻቸው አንድ አንድ ትንሽ መብራት አድርጋላቸዋለች።

ያን ቀን ሐዊ ጎሬ አክስቷ ጋ ውላ፣ አመሻሽ ላይ ሚኒባስ ተሳፍሬያለሁ ብላ ደወለች። ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ወረደ፣ የኛን አገር ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ የከተማው መብራት ጠፋ፣ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ። ያ መንገድ በጭጋግ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ በር ላይ ወጣ ገባ እያልኩ አየሁ።

ነጎድጓድ ሲጀምር መስታወት እሸፍናለሁ፣ ያለውን ሶኬት ሁሉ እነቅላለሁ፣ እናቴ ያስለመደችን ነው። የሐዊንም ባትሪ ከሰሌዳው ነቅዬ ጓዳ ወሰድኩት፣ ሶላሩን በጋቢ ጠቀለልኩት። ዝናቡን ሊያሳልፉ የገቡት ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ሳቁብኝ።

«ሰማይ ላይ ይበርደዋል ብለሽ ነው?»

ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ሰሌዳው ቀጭ አለ፣ እመኑኝ፣ ሦስቱም መብራቶች ቦግ አሉ። ሽቦው ባዶውን ተንጠልጥሏል።

«ነቅያለሁ አላልሽም?»

«ነቅያለሁ፣ እትዬ።»

ቀጭ አለ፣ የካሜራው ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ቀጭ፣ የማሞቂያው። የሬዲዮዋ ብቻ ቀረች። እትዬ አስካለ «ያ ዋቃዮ» ብለው ፈጣሪን ጠርተው ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣሉና በዚያ ዝናብ ወጥተው ሄዱ።

ብቻዬን ስቀር ሐዊ ስለ ጥሪው ያለችኝ ትዝ አለኝ፣ ሞኝነት በሉት፣ ፊቴን ወደ መብራቷ አስጠግቼ «ሐዊ፣ ልጄ፣ ቤትሽ ግቢ» አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልኩት፣ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። መብራቷ ድርግም ብላ ጠፋች።

ሐዊ በእግሯ መጣች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ጫማዋ አንድ እግር የለም። መኪናው የት ደረሰ ብዬ ስጮህ ትክ ብላ አየችኝ።

«አንቺ አይደለሽ ያወረድሽኝ?»

መቱ ሊገቡ ሲሉ፣ ጫካው ጋ፣ የሚኒባሱ መብራት አንድ በአንድ ጠፍቶ መኪናው ቆመ አለችኝ። ድምፄን በመስኮቱ በኩል ሰማች፣ «ሐዊ፣ ውረጂ» እንዳልኳት ነገረችኝ፣ በሩ አጠገብ ስለነበረች ወረደች፣ ማንም አልነበረም። ወዲያው ሞተሩ ተነሳ፣ በጨለማው መውረዷን ያየ ስላልነበረ ጥለዋት ሄዱ።

«እኔ ውረጂ አላልኩሽም» አልኳት።

«ድምፅሽን አላጣውም፣ እማዬ። ሁለቴ ነው የጠራሽኝ።»

«ሁለተኛው ምን አለሽ?»

ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። «ወደዚህ ነይ አልሽኝ። ከጫካው ውስጥ። ያኔ ነው የሮጥኩት።»

ሚኒባሱ ምንም ሳይሆን መናኸሪያ መግባቱን በማግስቱ ሰማን፣ ከተሳፋሪው አንድም ሰው አልተጎዳም። እንግዲህ ከአደጋ አወጣት እንዳልል አደጋ የለም። ልጄን ከሰው መሀል ነጥሎ ማውረድ የፈለገው ምንድን ነው፣ ድምፄንስ ከየት አገኘው?

ሐዊ ሰሌዳውን ፈታታ መርምራ ምንም አላገኘችበትም። እኔ ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ከጓዳ ስጠራት ወዲያው አቤት አትልም። መጀመሪያ ብቅ ብላ ፊቴን ታያለች።