ትርፍ የተባለው ሰማይ

ኑሯችንን እናቅል ስንል ምን እንደምንጥል ለማወቅ አንቸገርም፤ ስንጥል ማን እንደሚጎዳ ግን ስንቶቻችን እናስባለን? ጎረቤቶቼን ላንሳላችሁ። ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፣ ባል የአውቶቡስ ሹፌር። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው።

ያ ቤት ዕረፍት አያውቅም ነበር። ታላቅየዋ ዋና፣ ካራቴና ጊታር ትማራለች። አባት በመስታወት ገንዳ ዓሣ ያረባል፣ አሮጌ ሬዲዮም እየፈታ ይገጥማል፤ ሲገጥም ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል። እናት ሹራብ ትሠራለች፤ ከጀመረቻቸው ሹራቦች አንገት የደረሰላቸው ግን ጥቂት ናቸው። እራት የሚበላው በየተራ ነው። ቅዳሜ ሲመጣማ ቤቱ መናኸሪያ ይሆናል።

ሚጣ የሚሏት ትንሿ ልጅ ብቻ የትም አትሄድም። ሚጣ ትንተባተባለች። አንዲት ቃል ለማውጣት ከንፈሯ ሲታገል ላየ ሰው አንጀት ይበላል። ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም፤ ሱቅ ስትላክም የምትገዛውን በጣቷ ታሳያለች። ቅዳሜ ከሰዓት ግን እሷና አባቷ ክፍቱ በረንዳ ላይ ፍራሽ ያነጥፉና በጀርባቸው ተጋድመው ደመና ያያሉ። ፀሐይዋ ለስለስ ትላለች። የተሰጣው አንሶላ ከበላያቸው ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ቀስ ብሎ ይረግባል። የመንገዱ ጫጫታ ይርቃል፤ ደመናው ሲሄድ እነሱም ከነፍራሻቸው የሚሄዱ ይመስላቸዋል።

«ያቺ አሮጊት ጫማዋን አወለቀች» ትላለች ሚጣ። «ባሕሩን ልትሻገር ነው። አባዬ፣ እንዳትጠራት፣ ትደነግጣለች።»

አንድም ቃል አይያዝባትም። አባት ይህን ያውቃል፤ ግን ከተናገረው የሚጠፋ መስሎት ለማንም ትንፍሽ አላለም።

አንድ ቀን እናት መረራት። «በቃ! ፍሬ ያለው ይቆይ፣ ትርፉ ይውጣ!» አለች። ዓሣዎቹ ለወዳጅ፣ ጊታሩ ለዘመድ ልጅ ተሰጠ። አትፍረዱባት፣ ለራሷም አላደላችም፤ ሹራቦቿን ሁሉ ተርትራ ክሩን አስወጣችው። ካራቴ ሜዳሊያ ስላመጣ ተረፈ።

«ያ ሰማይ ማየታችሁም ይቅር» አለችው ባሏን።

«እሱ ደግሞ ምን ቦታ ያዘብሽ?»

«ጊዜ ይይዛል! ደመና ላይ አፍጥጦ ማን ሰው ሆነ? ሚጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ታጠናክር።»

ባል ጭቅጭቅ አይወድም፤ ዝም አለ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን አይመስለኝም።

ቤቱ ቀለለ። እውነቱን ልናገርና አማረበትም፤ እራት አብረው መብላት ጀመሩ። ሚጣ ግን ድምፅዋ እያነሰ ሄደ። ስትጠየቅ ራሷን በመነቅነቅ ብቻ ትመልሳለች። በኋላም «እማዬ» ማለቱን ተወችና የእናቷን ቀሚስ መጎተት ጀመረች።

እናት የሚጣን የትምህርት ቤት ቀሚስ እየሰፋች አለቀሰች። «ልጄን ምን ነካብኝ?»

ባል አጠገቧ ተቀመጠ። «በረንዳው ላይ እኮ አትንተባተብም ነበር።»

«ምን አልክ? እና ለምን አልነገርከኝም?»

«ጥፋቴ ነው፤ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።» ቀሚሱን ገልብጦ ጠርዙን አሳያት። «እስቲ ይሄ አጥፈሽ ከውስጥ የተውሽው ምንድን ነው?»

«ትርፍ ነዋ! ስታድግ ይለቀቅላታል፤ ያለሱማ ልብሱ…» አለችና አልጨረሰችውም። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው።

ወገኖቼ፣ ትርፍ እንዲህ ነው። የማያስፈልገንንም ትርፍ እንለዋለን፣ ያተረፍነውንም ትርፍ እንለዋለን። ይህች ሴት በሙያዋ ለይታ የምታውቀውን በቤቷ አምታታችው። ኑሮን ማቅለል መልካም ነው፤ የሚጣለውም ብዙ ነው። ብቻ «ይህ ምን አመጣልን?» ብለን ከመቁረጣችን በፊት «ይህ ሲቀር ከመካከላችን ማን ይጎድላል?» ብለን እንጠይቅ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባት የሥራ ተረኛ ስለነበር ፍራሹን ያነጠፈችው እናት ናት። ከሚጣ ጎን ተጋደመች። ሰማዩ በዝግታ ይሄዳል። ብዙ ቆዩ፤ ልጅቷ አልተናገረችም።

«እኔ ደመና ብቻ ነው የሚታየኝ» አለች እናት፣ ልቧ እየፈራ።

ሚጣ ዞር ብላ አየቻት። «እ… እ… እ…» ከንፈሯ ታገለ። እናት ሌላ ጊዜ ቢሆን ቃሉን ቀድማ ትጨርስላት ነበር። አሁን ግን ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

«እማዬ» አለች ሚጣ በመጨረሻ። «ስለቸኮልሽ እኮ ነው። ትንሽ ጠብቂው፤ ይመጣል።»