የደብሪቱ አውራ ጣት

ደብሪቱን ሞታ ከስንዴ ክምር ሥር ያወጧት ጠዋት፣ ሰዉ ባዶ ማዳበሪያውን ይዞ በተሰለፈበት ሰዓት ነበር። ደብረ ብርሃን ዳር ያለው የተፈናቃዮች መጠለያ ሁለት ወር ሙሉ ስንዴ አላየም። መንግሥት የላከው ትናንት ገባ፤ ዛሬ ደግሞ የተፈናቃዮቹ ተወካይ ደብሪቱ ሞተች። ወይ ዕድል!

«ክምሩ ተናደባት» አለ የመጋዘን ጠባቂው ዘሥላሴ።

ኢንስፔክተር ይርጋለም በርከክ ብላ የሟቿን እጅ ገለበጠች። ግራ አውራ ጣቷን ሰማያዊ ቀለም ነክቶታል። ቀለሙ ያረፈው ግን እጇን ባለበሰው የስንዴ ብናኝ ላይ ነበር።

የሟቿ ልጅ ሊያ መርማሪዋን ወደ ጥግ ሳበቻት።

«እትዬ፣ በሞቴ! አደጋ ነው ብለው ይጻፉ። ግድያ ካሉ መጋዘኑ ይታሸጋል። ያ ሁሉ ሕፃን ምን ይብላ?»

«እናትሽ እኮ ናት!»

«እሷም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትለው።»

ይርጋለም የመጋዘኑን መዝጋቢ ማኅደረማርያምን ጠራች።

«ደብሪቱ ስንዴ ስትረከብ በምን ትፈርም ነበር?»

«በእጅ ጽሑፏ ነዋ! የቄስ ልጅ፣ ዳዊት ደጋሚ አይደለች? እኔና ዘሥላሴ በጽሑፏ እንቀና ነበር። ትናንትም ‹ግማሹ የት ሄደ? ያልገባ ስንዴ ገባ ብዬ አልፈርምም› ስትል ነበር።»

የእርዳታው አስተባባሪ አቶ ፍቅረ ማርያም ከመኪናው ሳይወርድ የርክክብ ወረቀት ዘረጋ። ስንዴው በሙሉ ገብቷል ይላል፤ ከሥሩ ሰማያዊ አሻራ አለበት።

«ራሷ ናት ያተመችው?»

«ታዲያስ! ፊደል ያልቆጠረ ሰው በምን ይፈርማል?»

ይርጋለም ሦስቱንም ከተናደው ክምር ፊት ሰበሰበቻቸው።

«የመጋዘኑ ቁልፍ ያላችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ። ወረቀቱ ሙሉ ይላል፤ መጋዘኑ ግን ግማሽ ነው። የደብሪቱ ጣት ላይ ያለው ቀለም ከብናኙ በላይ ነው። ስለዚህ አሻራው የተወሰደው ክምሩ ከተናደባት በኋላ፣ ከሬሳ ጣት ነው። ዘሥላሴና ማኅደረማርያም ቢሆኑ ፊርማዋን ያስመስሉ ነበር እንጂ አሻራ ምን ያደርግላቸዋል? መጻፏን ያውቃሉ። ተፈናቃይ ሁሉ መሃይም የሚመስለው አንድ ሰው ነው። እርስዎ ነዎት፣ አቶ ፍቅረ ማርያም።»

«ላስፈራራት ብዬ ነው ክምሩን የገፋሁት... ግማሹን ደብረ ሲና ላይ ነጋዴ ወስዶታል።»

በካቴና ወሰዱት። ወዲያው የይርጋለም ስልክ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው።

«ስንዴው በኤግዚቢትነት ይያዝ፤ ፍርድ ቤት እስኪወስን መጋዘኑን አሽጊ።»

«ጌታዬ፣ ሰዉ እኮ ተሰልፏል!»

«ሕግ ነው፤ ፈርመሽ አሽጊ።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ይርጋለም የማሸጊያውን ወረቀት ፈረመች። ሰዉ ባዶ ማዳበሪያውን እያጠፈ ወደየድንኳኑ ተመለሰ። አንድም ሰው አልጮኸም፤ ለምዶታል።

ሊያ ብቻ ከበሩ አልተነቃነቀችም።

«እናቴ አልፈርምም ብላ ሞተች» አለች። «እርስዎም እኮ አልፈርምም ማለት ይችሉ ነበር።»

ይርጋለም ግን ፈርማለች።